ያለ ሞዴል 22 የወጣ ወደብ

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ሁለት ቁጥሮችን ያውቃል። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22። ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፤ ሲወጣ ደግሞ ሞዴል 22። አንድ መጥረጊያም ሆነ አንድ ደርዘን እርሳስ ያለ እነዚህ ወረቀቶች ከመደርደሪያው አይነሳም። ያለ ወረቀት ያወጣ ሰው ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ባስ ሲልም ይታሰራል።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። አሰብ ላይ በአንድ የመንግሥት ድርጅት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር። የወሎ ሰው ነው። በወጣትነቱ በደሴ መንገድ በጭነት መኪና ወደ ባሕሩ ወርዶ እዚያው ቀረ። እኔም ካምፖ ሱዳን በሚባለው የአሰብ ሰፈር ነው ያደግሁት።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብ እጅ ስትለወጥ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር ብላቴ ለወታደራዊ ሥልጠና ተወስጄ ነበር። የሆነውን የሰማሁት ከአባቴ ነው። አንድ የታጠቀ ወጣት ወደ ግምጃ ቤቱ መጥቶ "ኣቦይ፣ ቁልፉን ስጡን" አለው። አባቴም "እሰጥሃለሁ ልጄ፤ መጀመሪያ አብረን እንቁጠርና ፈርምልኝ" ብሎ መለሰለት። ወጣቱ አልተቆጣም። ሳቀ። "እኛ እስከዚህ የደረስነው እየፈረምን አይደለም" አለና ጓጉንቸሩን በሰደፍ መትቶ ሰበረው። ቁልፉ አባቴ እጅ ቀረ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤተሰቦቼ እንደሌሎቹ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ላይ ተጭነው በቡሬ፣ በማንዳ፣ በሰርዶና በሚሌ አድርገው ኮምቦልቻ ገቡ። እናቴ ጀበናዋንና የእህቴን ልብስ ይዛ ወጣች። አባቴ የያዘው የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 ካርቦን ቅጂዎችን፣ የስቶክ ካርዶቹንና ቁልፉን ነበር።

አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ "ላስረክብ መጣሁ" አላቸው። "ማንን ነው የሚያስረክቡት?" አሉት። "እናንተን" አለ። "ንብረቱ የት አለ?" "አሰብ።" "እንግዲያው አልተረከብንም" አሉት። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደህና ነበር። ጡረታውን ለማስከበር ሲሄድ ክሊራንስ ጠየቁት፤ በስቶክ ካርዱ ላይ አሥራ ሁለት የመኪና ጎማና አንድ የጽሕፈት መኪና በስሙ ይታያል ተባለ። ሁለት ዓመት ተመላለሰ። በመጨረሻ አንዲት ደግ ሠራተኛ በፋይሉ ላይ "በጦርነት ምክንያት ያልተወራረደ" ብላ ጻፈችለትና ጡረታው ተለቀቀ።

ውድ አንባቢያን፤ ያ "ያልተወራረደ" የሚለው ቃል ሠላሳ ዓመት ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ስለ አሥራ ሁለት ጎማ ሁለት ዓመት ሲጠየቅ፣ ወደቡ ከነክሬኑና ከነመጋዘኑ፣ ማጣሪያው ከነነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ የመንግሥት ቢሮው ከነወንበሩ ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሞዴል 22 የቆረጠው ማን ነው? የቆጠረውስ? የፈረመውስ?

የዛሬ ጽሑፌ ስለዚህ ነው። ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ይህ ጽሑፍ "አሰብን በጦር እናስመልስ" የሚል አይደለም። ያንን የሚል ሰው ልጁን አስቀድሞ ይላክ። የእኔ ጥያቄ የሕዝብ ንብረት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲሸጋገር ምን ዓይነት ሥርዓት ይገባው ነበር፣ ሥርዓቱ ሲዘለልስ ምን ተከተለ የሚል ነው።

የ1945ቱ ርክክብ

ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር አለ። በዚያው ምድር ላይ፣ ከዚያ በፊት አርባ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ሌላ ርክክብ ተደርጎ ነበር። ያ ርክክብ ደግሞ ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም ወረቀት ነበረው።

እንግሊዞች ጣሊያንን እ.ኤ.አ. በ1941 ካሸነፉ በኋላ ኤርትራን ለአሥራ አንድ ዓመት አስተዳደሩ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1950 ባሳለፈው ውሳኔ 390 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ወሰነ። ሥልጣን በግልጽ ተከፋፈለ። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭና የእርስ በርስ ንግድ፣ እንዲሁም ወደቦችን ጨምሮ የውጭ መገናኛ ለፌዴራሉ መንግሥት ሆነ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ለኤርትራ መንግሥት ቀረ። ቀረጥን በተመለከተም መነሻቸው ወይም መድረሻቸው ኤርትራ የሆኑ ዕቃዎች ቀረጥ ለኤርትራ እንዲሰጥ ተጻፈ።

ጉባኤው በዚህ አላበቃም። ሥልጣን ማካፈል ንብረት ማካፈል አለመሆኑ ገብቶታል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 1952 ውሳኔ 530 የሚባለውን ስለ ኤርትራ የኢኮኖሚና የፋይናንስ ጉዳይ ብቻ የሚናገር ሌላ ውሳኔ አሳለፈ። የጣሊያን መንግሥት በኤርትራ የነበረው የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ክፍያ እንዲተላለፍ፣ የግለሰብ ንብረት እንዲከበር፣ ክርክር ቢነሳም የሚዳኝ ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ተደነገገ። አስቡት! ያንን ያህል ድሃ ለሆነ ግዛት፣ ንብረቱ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ የሚናገር ዓለም አቀፍ ሰነድና ዳኛ ተዘጋጀለት።

እንግሊዞቹ እጃቸው ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም። ከመውጣታቸው በፊት የምጽዋን የባሕር ኃይል መሥሪያ ዕቃ ነቃቅለው ሸጠዋል፤ ከምጽዋ እስከ አስመራ ጭነት ያመላልስ የነበረውን የኬብል መስመርም ከሥራ ውጭ አድርገውታል። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው ሲልቪያ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመችው ጽሑፍ የገዛ መንግሥቷን በዚህ ጉዳይ አጋልጣለች። ይሁን እንጂ ስርቆትን ስርቆት ለማለት እንኳ የማን ንብረት ምን እንደነበረ መታወቅ አለበት። ሲልቪያ ጣቷን ልትቀስር የቻለችው የሚቀሰርበት ነገር ስለነበረ ነው።

መስከረም 1 ቀን 1945 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የፌዴሬሽኑን ድርጊት አጸደቁ። መስከረም 5 ቀን የእንግሊዝ አስተዳደር አበቃ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ፌዴሬሽኑን አላከበረችውም። የኤርትራ ምክር ቤት ስለ ቀረጥ ድርሻው አቤት ሲል ጆሮ የሰጠው አልነበረም። ባንዲራው ወረደ፤ የመንግሥቱ ስም ወደ "አስተዳደር" ተለወጠ፤ ኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈረሰ። ወረቀቱ በደንብ ተጽፎ ነበር፤ ያጣው አክባሪ ነው። ይህንን ሳልናገር ወደ 1983 ብዘል አንባቢ በትክክል "ወገንተኛ" ይለኛል።

በማን ገንዘብ ተሠራ?

አሰብ ምንጊዜም ወደብ አልነበረችም። ሳፔቶ የሚባለው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1869 ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ከአካባቢው የአፋር ሱልጣኖች ሲገዛት ሙቀትና አሸዋ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1882 የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከባት። እ.ኤ.አ. በ1928 በተፈረመው የኢጣሊያና የኢትዮጵያ የወዳጅነት ውል ላይ ኢትዮጵያ በአሰብ ነጻ ቀጠና እንድታገኝና ከአሰብ ደሴ መንገድ እንዲሠራ ስምምነት ተደረገ። ከሰባት ዓመት በኋላ ጣሊያን ወረረንና ውሉ ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ዘመናዊው ወደብ የተሠራው ከፌዴሬሽኑ በኋላ በዩጎዝላቪያ ኩባንያ ነው። ማጣሪያው ደግሞ የሌላ ጉዞ ፍሬ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1959 ሞስኮን ሲጎበኙ ሶቪየት ኅብረት ለኢትዮጵያ ብድር ሰጠች። ከዚያ ብድር የተወለደው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ፤ ዓመታዊ አቅሙም 500 ሺሕ ቶን ያህል ነበር። ልጆች ሆነን የማጣሪያው ነበልባል ሌሊት ሌሊት ሰማዩን ሲያቀላው "የአሰብ ፀሐይ አትጠልቅም" እንል ነበር።

ታዲያ በማን ገንዘብ? መልሱ ቀላል ነው፤ በሁላችንም። የጅማና የሲዳሞ ቡና ገንዘብ ገብቶበታል። የጎጃም ገበሬ ግብር ገብቶበታል። የሐማሴንና የአከለ ጉዛይ ገበሬ ግብርም ገብቶበታል፤ በዚያን ጊዜ እነሱም ለአዲስ አበባ ይገብሩ ነበርና። የአፋሩ አርብቶ አደር ደግሞ መሬቱን ሰጥቷል፤ ስለ መሬቱ ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም። የሕዝብ ንብረት የሚባለው ይሄ ነው። ባለቤቱ ብዙ ስለሆነ ያለ ቆጠራ ሊነሳ አይገባም።

ከ1983 እስከ 1985

ደርግ በ1980 ዓ.ም. ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ባለ ጊዜ አሰብን ከኤርትራ ለይቶ ራስ ገዝ አድርጓት ነበር። ያንን ያደረገው ለአፋር ሕዝብ አስቦ ይሁን ወደቡን ለማስቀረት የሚፈርድ ይፍረድ። ቁም ነገሩ በ1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት አሰብ የራሷ አስተዳደር የነበራት መሆኗ ነው። በሌላ በኩል የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ካይሮ ላይ የቅኝ ግዛት ወሰን ይከበር ብሎ ወስኗል፤ በዚያ ወሰን ደግሞ አሰብ ኤርትራ ውስጥ ነበረች። ሁለቱም እውነት ነው። እንግዲህ ሁለት እውነት ሲጋጭ ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ መቁጠር፣ መጻፍ ነበረበት።

የሆነው ሌላ ነው። ሐምሌ 1983 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ተቋቋመ። ኤርትራ በጊዜያዊ መንግሥት መተዳደር ጀመረች። አሰብ ለኢትዮጵያ ነጻ ወደብ ትሆናለች ተባለ፤ ይህንኑ የሚመለከት ስምምነትም ተፈረመ። ልብ በሉ! "ነጻ ወደብ" ማለት የሌላ ሰው ወደብ ማለት ነው። ባለቤትነቱ የተላለፈው በዚህች አንዲት ቃል ነው። ታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዚዳንት ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በጻፉት ደብዳቤ ስለ ኤርትራ የሚደረገውን ሕዝበ ውሳኔ እንደሚቀበሉ አረጋገጡ።

ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስድስት ኪሎ ላይ ሰልፍ ወጡ። ዋና ጸሐፊው ቡትሮስ ጋሊ ወደ አካባቢያችን የመጡበት ወቅት ነበር። ከተሰለፉት አንዱ ነበርኩ። ሰልፉ በጥይት ተበተነ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በሚያዝያ ወር ከአርባ በላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተባረሩ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው በዚያ ሰልፍ ላይ ብዙ ጮኸናል፤ ነገር ግን አንዳችንም "የንብረት ዝርዝሩ የት አለ?" አላልንም። የጮኽነው ስለ ካርታ ነበር። ለአባቴ ይህን ስነግረው "እናንተ ልጆች፣ ካርታ እኮ ሞዴል 22 የለውም" አለኝ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሚያዝያ 15 ቀን ሕዝበ ውሳኔው ተጀምሮ ለሦስት ቀን ተካሄደ፤ 99.8 በመቶው ነጻነትን መረጠ። ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. የኤርትራ ነጻነት በይፋ ታወጀ። ሕዝቡ የመረጠውን መረጠ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ሕዝበ ውሳኔው ስለ ንብረትና ስለ ዕዳ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። በአዲስ አበባ በኩልም ለሕዝብ የቀረበ ቆጠራ፣ በምክር ቤት የተነበበ ዝርዝር፣ በጋዜጣ የታተመ የርክክብ ሰነድ አላየንም። የደርግ ዘመን ዕዳ በሙሉ ኢትዮጵያ ላይ ቀረ። ኤርትራ ከዕዳ ነጻ ሆና ጉዞ ጀመረች። ንብረቱ ወዲያ፣ ዕዳው ወዲህ!

ቼኮችና ስሎቫኮች እንዴት ተካፈሉ?

"በዚያን ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበረም" የሚሉ አሉ። ነበረ። ለዚያውም በዚያው ዓመት።

ቼኮዝሎቫኪያ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1993 ለሁለት ተከፈለች። ከመለያየታቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1992፣ የጋራው ምክር ቤት የንብረት ክፍፍል ሕግ አወጣ። መርሁ ሁለት ነበር። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለበት ቦታ ይቀራል። ሌላው በሕዝብ ብዛት ሁለት ለአንድ ይከፈላል፤ ሁለት እጅ ለቼክ፣ አንድ እጅ ለስሎቫክ። የጦር መሣሪያው፣ የባቡር ፉርጎው፣ በውጭ አገር ያለው የኤምባሲ ሕንፃ ሳይቀር በዚህ ስሌት ታሰበ። በወርቅ ክምችት ላይ ተጣሉ፤ ጭቅጭቁ እስከ 2000 (እ.ኤ.አ.) ዘለቀ። ነገር ግን የተጨቃጨቁት በወረቀት ነው። አንድም ወታደር አልሞተም።

አሜሪካም የፓናማን ቦይ ለማስረከብ እ.ኤ.አ. በ1977 ከፈረመች በኋላ ያስረከበችው ታኅሣሥ 31 ቀን 1999 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረጃ በደረጃ ተረካከቡ።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1983 ቪየና ላይ የተዘጋጀ የመንግሥታትን ንብረት፣ መዛግብትና ዕዳ መተካካት የሚመለከት ስምምነት አለ። በቂ አገሮች ስላላጸደቁት ሥራ ላይ አልዋለም፤ መንፈሱ ግን መመሪያ ይሆናል። አንድ ክፍለ ግዛት ሲገነጠል መጀመሪያ ሁለቱ ይስማሙ ይላል። ካልተስማሙ የማይንቀሳቀሰው ንብረት መሬቱ ላለበት አገር ይሄዳል፤ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ ግዛት ሥራ ጋር የተያያዘ ከሆነ አብሮ ይሄዳል፤ የቀረው በፍትሐዊ ድርሻ ይካፈላል። የካሳ ጥያቄ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ዕዳም በፍትሐዊ ድርሻ ይተላለፋል።

እንግዲህ ሐቁን እንዋጠው። በዚህ መለኪያ የአሰብ የድንጋይ መቆሚያና የማጣሪያው ሕንፃ ለኤርትራ ይሄዱ ነበር። "አሰብ በሕግ የእኛ ነበረች፣ ሸጧት" ብቻ እያልን የምንጮኸው ሰዎች ይህን ልንክድ አንችልም። ነገር ግን ዕዳው ይካፈል ነበር። በሕዝብ ገንዘብ ስለተገነባው ማጣሪያ የካሳ ንግግር ይነሳ ነበር። ስለ ወደብ አጠቃቀም ከአንድ መንግሥት በጎ ፈቃድ ጋር የማይነሳና የማይወድቅ፣ ዳኛ ያለው የረጅም ዘመን ውል ይጻፍ ነበር። የተባረሩት ሠራተኞች የጡረታና የቤት ጥያቄም ጠረጴዛ ላይ ይቀርብ ነበር። የተጣለው ይህ ሁሉ ነው።

በጣም የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ያው አመራር ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀውን ሕገ መንግሥት ሲያጽፍ በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 4 (ሠ) ላይ ምን አስገባ? የመገንጠል መብት ተግባራዊ የሚሆነው በሕግ በሚወሰን መሠረት የንብረት ክፍፍል ሲደረግ ነው የሚል ቅድመ ሁኔታ! ለወደፊቱ ያወቁትን ለትናንቱ እንዴት አላወቁትም? ወይስ ትናንት የፖለቲካ ወዳጅነት ነበር፣ ወዳጅ ደግሞ ደረሰኝ አይጠየቅም?

ደረሰኝ የሌለው ወዳጅነት

ወዳጅነቱ ስንት ዓመት ቆየ? ማጣሪያው አያዋጣም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኤርትራ ናቅፋን አወጣች፤ በምን ገንዘብ እንገበያይ የሚለው ክርክር ጦዘ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ። "ነጻ ወደቡ" በዚያው ወር ተዘጋ፤ የኢትዮጵያ ጭነት አሰብና ምጽዋ ላይ እንዳለ ቀረ። በሁለት ዓመት ጦርነት በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከሁለቱም ወገን አለቁ። ንግዳችን ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ ከዘጠና በመቶ በላይ የሆነው ጭነታችን በዚያች አንዲት በር ይገባል፣ ይወጣል።

ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት የካሳ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኢትዮጵያ በወደቦቹ ላይ ስለቀረባት ንብረት ከሰሰች። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2005 ክሱን ውድቅ አደረገው። ከ1983 እስከ 1985 ስለተላለፈው ደግሞ ጭራሽ አልተነሳም፤ ኮሚሽኑ የተቋቋመው ስለ ጦርነቱ እንጂ ስለዚያ አልነበረምና። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2009 የመጨረሻው ካሳ ተወሰነ፤ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ 163 ሚሊዮን ዶላር ያህል። ሲቀናነስ ልዩነቱ አሥር ሚሊዮን አካባቢ ነው። ያ ሁሉ ደም፣ ያ ሁሉ ጠበቃ፣ ለአሥር ሚሊዮን!

የጎረቤቴ ጥያቄ

እዚህ በምኖርበት በቨርጂኒያ አንድ ኤርትራዊ ወዳጅ አለኝ። አጎቱ አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ነጂ ነበር። እሑድ እሑድ ቡና ላይ እንገናኛለን። አንድ ቀን የአባቴን ቁልፍ አሳየሁትና ታሪኩን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ቁልፉን ገለባብጦ አየው። ከዚያ "ወንድሜ፣ ያባትህ ጥያቄ ትክክል ነው" አለኝ። "ግን እኔም ልጠይቅህ፤ በ1955 ፌዴሬሽኑን ስታፈርሱ ለምክር ቤታችን ሞዴል 22 ተቆርጦለት ነበር? በ1982 ምጽዋ ከአየር ስትደበደብ የተቃጠለውስ በየትኛው ካርድ ላይ ነው የተመዘገበው?"

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ያለኝ አንድ ሐሳብ ነው፤ የእሱም ይመዝገብ፤ የእኔም ይመዝገብ። ሁለታችንም ያልተወራረደ ሂሳብ ይዘን ነው የተሰደድነው። ሂሳብ የሚወራረደው ደግሞ ሁለቱም ወገን መዝገቡን ሲከፍት እንጂ አንዱ ሌላውን ሲያስፈራራ አይደለም።

ይህን ዛሬ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሰላም ወረደ ሲባል በቡሬ በኩል ያለው ድንበር ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ። ያን ጊዜም የተፈረመው ወረቀት በዝርዝር ለሕዝብ አልቀረበም። እንደገና ወዳጅነት ብቻ! ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቀይ ባሕር ጉዳይ በአደባባይ ንግግር ተመልሶ ነገሠ። ስለ ወደብ የሚያወራው ሰው በዝቷል፤ ስለ መዝገብ የሚያወራ ግን አልሰማሁም። ትናንት ያለ ቆጠራ የሰጠ መንግሥት አገሩን ጎዳ፤ ዛሬ ያለ ቆጠራ "እወስዳለሁ" የሚል መንግሥትም የሚጎዳው ያንኑ አገር ነው።

እኛ ተቃዋሚዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ሠላሳ ዓመት በየአዳራሹ "አሰብ! አሰብ!" ብለናል፤ ገንዘብ አዋጥተናል፤ ሰልፍ ወጥተናል። ነገር ግን በዕድሜ የገፉትን የአሰብ ሠራተኞች አግኝተን ምን እንደነበረ፣ ማን እንደተረከበ፣ ምን እንደቀረ መዝግበናል? ብዙዎቹ አልፈዋል። የቀሩት በደሴ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅቡቲ፣ በጅዳና በዚህ አሜሪካ ተበትነዋል። እያንዳንዱ በሻንጣው ውስጥ አንድ ወረቀት፣ በራሱ ውስጥ አንድ መጋዘን ይዞ ይኖራል። እነሱ ሲያልፉ የመጨረሻው ስቶክ ካርድ አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ጥሪዬ አጭር ነው። አንደኛ፤ በአዲስ አበባ ያለው መንግሥት ከ1983 እስከ 1985 ዓ.ም. ከኤርትራ ጊዜያዊ መንግሥት ጋር የተፈራረማቸውን ሰነዶች ለሕዝብ ይክፈት። ሁለተኛ፤ አሰብ የሠራችሁ ወይም ወላጆቻችሁ የሠሩ፣ የምታስታውሱትን ጻፉ፤ ያላችሁን ወረቀት ቅጂ አስቀምጡ። ሦስተኛ፤ የኤርትራ ወንድሞችና እኅቶችም የራሳቸውን ይጻፉ። አንድ ቀን ሰው ሆነን ስንቀመጥ በጠረጴዛው ላይ ከጠመንጃ ይልቅ መዝገብ እንዲኖር።

አባቴ ያረፈው በ1998 ዓ.ም. ነው። ስደተኛ ስለነበርኩ አፈር አላለበስኩትም። እህቴ ዕቃውን ስታስተካክል ያገኘችውን ቁልፍና ካርቦኖቹን በሰው እጅ ላከችልኝ። የሚከፍተው በር ከተሰበረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በፖስታው ጀርባ ላይ በራሱ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ "ተረካቢ እስኪገኝ በእጄ ያለ።"

አሁን በእኔ እጅ ነው። ተረካቢ ከተገኘ፣ ቆጥሬ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።

ቸር ያሰማን።